ይድረስ ለሮዚን፦ ከወረታ የተላከ ምስጋና

ይድረስ ለተከበርከው ሮዚን፣ የቆዳ ሐኪሞች ኮሎፎኒ ለሚሉህ፤ በያለህበት።

ጣቶቼ ድነዋል፤ የዓይኔ ቆብ እብጠትም ጠፍቷል። ይህን የምጽፍልህ ወረታ መናኸሪያ አካባቢ ካለችው የሞባይል ጥገና ሱቄ ቁጭ ብዬ ነው። ወሩ ነሐሴ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ገበሬው ከሩዝ ማሳው አልወጣም። በዚህ ወቅት ወደ እኔ የሚመጣው ስልክ አብዛኛው ውሃ የገባበት ነው። የፎገራ ላም ረግረጉን ለምዳ ትኖራለች፤ ስልኩ ግን አልለመደም።

ለሙጫ ደብዳቤ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል አይጠፋም። ለባለሥልጣኑም፣ ለባለሀብቱም፣ ለድግሱ አስተባባሪም ምስጋና በድምፅ ማጉያ ሲነበብ እሰማለሁ፤ ከእነሱ ውስጥ የአንተን ያህል የዋለልኝ የለም። አብልተኸኛል፣ አሳክከኸኛል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያሳከከኝ አንተ መሆንህን ራስህ ነግረኸኛል። በራሱ ላይ የሚመሰክር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከእንጀራው ልጀምር። መዳብ አየር ሲያገኘው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። ያ ሽፋን ካልተገፈፈ መበየጃው የሊድ ሽቦ ቢቀልጥም አይዝም፤ ድቡልቡል ሆኖ ከስልኩ ሰሌዳ ላይ ይንከባለላል። ይህን ሥራ የሚሠራልን በቆርቆሮ ጣሳ የሚሸጠው፣ በሽቦው ሆድ ውስጥም የሚገባው ፍላክስ ነው። የብዙው ፍላክስ መሠረት ደግሞ አንተ ነህ። የብየዳ ካውያ ሳይነካህ ደረቅ፣ ተሰባሪ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫ ጠጠር ነህ፤ ማንንም አትነካም። ሲያሞቁህ ትቀልጣለህ፣ አሲድነትህ ይነቃል፣ ኦክሳይዱን ከመዳቡ ላይ ታነሳለህ፣ ሊዱም ቦታውን ይይዛል። ሥራው ሲያልቅ ተመልሰህ ትደርቃለህ። ሌላ አሲድ ቢሆን ኖሮ የሠራውን ሰሌዳ እያደር ይበላው ነበር። ሲፈለግ ሠርቶ ሲበቃ አርፎ የሚቀመጥ አሲድ ማግኘት ለእኛ ሙያ ትልቅ ነገር ነው።

አገርህ እዚህ አይደለም። ፓይን ከሚባለው ዛፍ ግንድ ላይ ቅርፊቱ ሲቆሰል የሚፈሰው ሙጫ ይሰበሰብና ይጣራል። ሲጣራ የሚተነው ክፍል ተርፐንታይን ይሆናል፤ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው አንተ ነህ። ከፓይን ጉቶ የሚወጣ ሮዚንም አለ፤ ከወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚገኝም አለ። ዛሬ ከግንድ በሚቀዳው ቻይና ትቀድማለች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለው ጥድ ዘመድህ ይመስላል እንጂ ከፓይን ወገን አይደለም።

የእኛ ሙጫ ዕጣን ነው። ከመተማና ከቋራ ቆላ ይመጣል፤ ወረታ ገበያም በጆንያ ይዘረገፋል፣ ከቡና ጋር በየቤቱ ይጨሳል። አዝማሪው የማሲንቆውን ደጋን፣ ያን የፈረስ ጭራ፣ በዕጣን ሲያሸው አይቼ ነበር፤ ፈረንጅ ቫዮሊኒስት በአንተ እንደሚያሸው ያወቅሁት ኋላ ነው። ሁለታችሁም የምትሠሩት አንድ ነው፤ ጭራው ክሩን እንዲይዝና እንዲያስጮኸው ታደርጋላችሁ። ውስጣችሁ ግን ይለያያል። የእኛ አገር ዕጣን ዘይቱ በአብዛኛው ኦክታይል አሲቴት ነው። ሙጫው ውስጥ ደግሞ 30 ካርቦን ያላቸው ቦስዌሊክ አሲዶች አሉ፣ በውሃ የሚሟሟ ስኳር መሰል ክፍልም አለው። አንተ በውሃ አትሟሟም። ከ100 እጅ 90 ያህሉ ሬዚን አሲድ ነህ፤ ቀሪው አሲድ ያልሆነ ልዩ ልዩ ነገር ነው። አሲዶችህ 20 ካርቦን ያላቸው፣ ሦስት ቀለበት የሠሩ ሞለኪውሎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚበዛው አቢየቲክ አሲድ ነው፤ ፓሉስትሪክ፣ ኒዮአቢየቲክ፣ ዲሃይድሮአቢየቲክ፣ ፒማሪክ የሚባሉት ይከተሉታል። መጠናቸው እንደ ዛፉ ዝርያ፣ እንደ አገሩና እንደ አጣራሩ ይለያያል። የፖርቱጋሉ ከቻይናው አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ማሳከኩ። የዓይኔ ቆብ ማበጥ ሲጀምር ሠፈሩ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አቀረበልኝ። የሩዝ ውሃ ነው ያለም ነበር፤ ሊዱ ነው፣ መርዝ እየተነፈስክ ነው ያለኝም አለ። የመጨረሻው ወደ እውነቱ ተጠግቶ አጠገቡ ስቷል። ሊድ መርዝ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ካውያ ሲነካ ከሽቦው የሚነሳው ነጭ ጭስ በአብዛኛው የፍላክሱ ነው፣ ማለትም የአንተ ነው። ጭሱ ፊት ላይ ያርፋል፤ ከፊት ቆዳ ሁሉ ስሱ የዓይን ቆብ ስለሆነ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ጭስህ በፋብሪካ ብየዳ ሠራተኞች ላይ አስም እንደሚያመጣም በሌላው ዓለም በሚገባ የታወቀ ነው። ጣቶቼ ደግሞ ጫፋቸው ደርቆ ተሰነጠቀ። ቅባት ስቀባ ይሻለኛል፣ ሳቆም ይመለሳል።

ምስጢሩን ያወጣው ፕላስተር ነው። የተሰነጠቀውን ጣቴን በነጩ የጨርቅ ፕላስተር ጠቀለልኩት። ስፈታው ቁስሉ ዳር ዳሩን የፕላስተሩን ቅርጽ ይዞ ቀልቷል፤ ማዕዘኑ ሳይቀር ተስሏል። አራት ማዕዘን የሆነ በሽታ ከሰማይ አይወርድም። የብዙ የጨርቅ ፕላስተሮች ማጣበቂያ አንተን ይዟል። ካውያና ፕላስተር የሚገናኙበት ቦታ አንተ ብቻ ነበርክ።

ይህን ያዩ ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ወደ ቆዳ ስፔሻሊስት ጻፉልኝ። ያ ምርመራ እንዴት እንደሚደረግ ለሚያነቡ ወገኖቼ እዚህ ላይ ብነግር አትቆጣኝም፤ አንተ ራስህ ነበርክበትና።

በጀርባ ላይ፣ ከትከሻ አጥንት ወደ መሐል፣ በረድፍ የተደረደሩ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ የአሉሚኒየም ሳህኖች ይለጠፋሉ። በእያንዳንዱ ሳህን አንድ የተጠረጠረ ነገር አለ፤ የብረት ጨው፣ የጎማ ኬሚካል፣ ሽቶ፣ መድኃኒት። አንተ የገባኸው በቫዝሊን ውስጥ ከ100 እጅ 20 ሆነህ ነበር። ከጎንህ የፔሩ በለሳን የሚባል ሌላ ሙጫ 25 እጅ ሆኖ ተቀምጧል። ሳህኖቹን የሚይዘው ፕላስተር ግን ሮዚን የሌለበት መሆን አለበት። ያለበለዚያ ምስክሩና ተከሳሹ አንድ ላይ ይገቡና ፍርዱ ይበላሻል። ለ48 ሰዓት ጀርባ አይታጠብም፣ ላብ አይፈቀድም። ከዚያ ሳህኑ ይነሳል፣ ሐኪሙ ያያል፤ በ4ኛው ቀን ደግሞ ይደገማል። ዋናው ንባብ ይህ ሁለተኛው ነው፤ አለርጂ በሁለቱ ንባቦች መካከል ይበረታል፣ ተራ መለብለብ ግን ወዲያው ይወጣና ይከስማል። መቅላትና ማበጥ አንድ ፕላስ ነው፤ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ሲጨመሩ ሁለት ይሆናል። የእኔ ሁለት ነበር። ሌላው ረድፍ ሁሉ ጸጥ ብሏል።

ይህ ዘዴ ከእኛ ዘመን በፊት የተገኘ ነው። ጀርመናዊው ዮሴፍ ያዳሶን እ.ኤ.አ. በ1895 ግራትስ ላይ በተደረገ የቆዳ ሐኪሞች ጉባኤ አቀረበው፤ ሜርኩሪ ያስቆጣቸውን ሕሙማን ሜርኩሪውን በቆዳቸው ላይ ለጥፎ አረጋገጠ። ከ100 ዓመት በላይ አልፎም ከዚህ የተሻለ መንገድ አልተገኘም። የደም ምርመራ ይህን ዓይነት አለርጂ አያሳይም፤ የሚቆጣው በደም የሚዞር ፀረ እንግዳ አካል ሳይሆን ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ሞለኪውልህ ትንሽ ስለሆነ የቆዳን የላይኛውን ሽፋን ያልፋል፣ ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ጠባቂ ሕዋሶች ይዘውት ወደ ንፍፊት ይሄዳሉ፤ ቲ ሴሎቹ ያጠኑታል። ከእነዚህ ጠባቂዎች ታዋቂዎቹን ፓውል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. በ1868 በርሊን ገና ተማሪ ሳለ አያቸውና የነርቭ ሕዋስ መሰሉት። ጥናቱ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን አይረሱም። እኔ ከአንተ ጋር ለብዙ ጊዜ በሰላም ሠርቼ ድንገት የተጣላሁት ስለዚህ ነው። ትውውቅ ዋስትና አይደለም፤ እንዲያውም አለርጂ የሚይዘው ያወቀውን ነው።

ኢትዮጵያውያን ጀርባ ላይ አንተ ስትለጠፍ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ዶክተር ካሳሁን ቢልቻና ባልደረቦቻቸው 514 የቆዳ ብግነት ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን በአውሮፓው መደበኛ የአለርጂ መመርመሪያ ዝርዝር መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 በሙያው መጽሔት አሳትመዋል። ቀዳሚው ኒኬል ሆነ፤ የጆሮ ጉትቻ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የርካሽ ሰዓት ብረት። አንተ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የምትቀመጥ አባል ነህ። በእኛ ቆዳ ላይ፣ በእኛ ሐኪሞች እጅ የተሠራ ሥራ ስለሆነ ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ በላይ ደስ ያሰኘኛል።

አሁን ከሁሉ የሚያስገርመኝን ልንገርህ፤ ምናልባት ስለራስህ ያላወቅኸው ይሆናል። ውጤቴን ይዤ ስለ አንተ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ንጹህ አቢየቲክ አሲድ፣ አየር ያላገኘው፣ ያን ያህል አለርጂ አያመጣም። ስዊድናዊቷ ኬሚስት አን-ተሬዝ ካርልበርግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዳሳዩት ጥፋቱ የሚመጣው አየር ሲነካህ ነው። ኦክስጅን ሞለኪውሉን በ15ኛው ካርቦን በኩል ይይዘዋል፣ ሃይድሮፐርኦክሳይድም ያደርገዋል። ይህ ነገር አይረጋም፤ ተሰንጥቆ የቆዳን ፕሮቲን የሚይዝ ክፍልፋይ ይለቃል። ከአንተ ውስጥ ዋነኛ የአለርጂ መንስኤ ሆኖ የተገኘው እሱ ነው። ዲሃይድሮአቢየቲክ አሲድ ግን አንዱ ቀለበቱ እንደ ቤንዜን ቀለበት ስለተዘጋ ከአቢየቲክ ይልቅ አየርን ይቋቋማል። ፋብሪካዎች ሃይድሮጅን ጨምረው ሲያረጋጉህ ብዙ አለርጂ የማታመጣውም አየርን ስለምትቋቋም ነው።

ይህን ሳነብ ካውያዬን አስቀምጬ ሳቅሁ። ከመዳብ ላይ ኦክሳይድ የምታነሳው አንተ፣ ራስህ ለኦክስጅን እጅ ትሰጣለህ። ሱቄ ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ስንት ጊዜ የከረመ ፍላክስ እንዳለ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ለምስጋናዬ ዋናው ምክንያት ይህ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ነገር ከዛፍ፣ ከማር ቀፎ ወይም ከቅጠል ከመጣ ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም ይባላል። ቅባት የሚሸጠው ሰው ኬሚካል የለበትም ብሎ ይምላል። ኬሚካል የሌለበት ሙጫ ግን የለም፤ አንተ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኬሚካል ነህ፣ ዛፉ የሠራው ኬሚካል። የፔሩ በለሳንም ከዛፍ የሚወጣ ነው። ከፔሩ እንኳ አይደለም፤ ከኤል ሳልቫዶር ነው የሚመጣው። ቤንዚል ቤንዞኤት፣ ቤንዚል ሲናሜት፣ ቫኒሊንና ሌላም ይዟል። ንቦች ቀፏቸውን የሚደፍኑበት ፕሮፖሊስም በመመርመሪያው ላይ 10 እጅ ሆኖ ይለጠፋል። በአውሮፓ ከፖፕላር ዛፍ እምቡጥ ስለሚቀዳ የካፊክ አሲድ ውሁዶቹ አለርጂ ያመጣሉ። የእኛ ንብ ከሌላ ዛፍ ስለምትቀዳ ይዘቱ የተለየ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ሽታ የሆነው ሊሞኒንም አዲስ ሳለ ቆዳ አይነካም፤ ሲያረጅና አየር ሲያገኘው አንተን ይመስላል። ተፈጥሮ ደግ ወይም ክፉ ናት ማለት ከንቱ ነው። መጠየቅ ያለበት ምን ሞለኪውል ነው፣ አየር ነክቶታል ወይ፣ የማን ቆዳ ላይ አረፈ የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው አንተን በሕይወቱ ሙሉ ነክቶ ምንም አይሆንም።

ምርመራህም ፍጹም አይደለም። በጀርባ የሚለጠፈው ያልተለወጠው ሮዚን ነው፤ ፋብሪካ ግን ብዙ ጊዜ ለውጦ ይጠቀምብሃል። ከማሌይክ አንሃይድራይድ ጋር ሲያዋህዱህ ከሚፈጠሩት አንዱ ማሌዮፒማሪክ አሲድ ይባላል፤ ኃይለኛ አለርጂ አምጪ ነው፣ በተራው ምርመራ ደግሞ ሊያመልጥ ይችላል። ከግሊሰሮል ጋር ሲያዋህዱህ ደግሞ ኢ 445 የሚል ቁጥር ይዘህ በአንዳንድ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ትገባለህ። የብርቱካኑ ዘይት ወደ ላይ እንዳይንሳፈፍ ትይዘዋለህ። በወረቀት፣ በቀለም፣ በጫማ ማጣበቂያ፣ በፀጉር ማንሻ ሰም፣ በቅንድብ ቀለም ውስጥ ትገኛለህ። ሥራህ ብዙ ነው፤ ስምህ ግን በጥቂቱ ላይ ብቻ ይጻፋል።

ከፈተናው ሁሉ የሚከብደው ግን ኬሚስትሪው አይደለም። ከወረታ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰኞ ተለጥፎ፣ ረቡዕ ተነስቶ፣ ዓርብ የሚነበብ ምርመራ የሳምንት አልጋ፣ ምግብና የሥራ ኪሳራ ያስከትላል። ቫዝሊኑና ሳህኑ ብዙ ዋጋ የለውም፤ ውዱ ቀኑ ነው። በሐምሌ ሩዝ የሚያርም ገበሬ ሁለት ቀን ሳይታጠብና ሳያልበው ይቆይ ማለት ደግሞ አትረም እንደ ማለት ነው። ለፎገራ ሰው ይህን ምርመራ ከአጨዳ በኋላ፣ በደረቅ ወቅት፣ በቅርብ ሆስፒታል ማድረግ ይገባል። የደቡብ ጎንደር ሰው ለጀርባው ሲል የአዲስ አበባ አውቶቡስ መሳፈር የለበትም።

አንተን ስላወቅሁህ አኗኗሬ ተስተካክሏል። ፍላክሱን ቀይሬአለሁ፤ ከካውያው አጠገብ ጭሱን ከፊቴ ገፍቶ በመስኮት የሚያስወጣ ማራገቢያ አለ። ቁስሌን በአክሪሌት ማጣበቂያ በተሠራ ፕላስተር እሸፍናለሁ። ከአንተ ጋር አልተጣላንም፤ ተራርቀን እንከባበራለን። ሱቁን አልዘጋሁም፣ ሙያውንም አልተውኩም። ምርመራው ባይኖር ኖሮ ሊዱን ጠልቼ ወይም ዕድሌን ረግሜ ወደ ሽንኩርት ንግድ እዞር ነበር።

እግረ መንገዴን ለሙያ ጓደኞቼ፦ የፍላክስ ጣሳ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። «ኖ ክሊን» የሚል ጽሑፍ ሮዚን የለበትም ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አለበት። ኮዱ በ«አር ኦ» ከጀመረ ሮዚን ነው፤ በ«ኦ አር» ከጀመረ መሠረቱ ሌላ ነው። የዓይናችሁ ቆብ ካበጠ ወይም ደረታችሁ ካፏጨ ጭሱን ለሐኪም ተናገሩ፤ ሥራችሁን ሳትነግሩት ምክንያቱን ሊያገኝ አይችልም። አንዳንዱ በራሱ ክንድ ላይ ፍላክስ ቀብቶ ለመፈተን ያስባል፤ አታድርጉት። በትክክለኛው መጠንና በቫዝሊን ያልተዘጋጀ ነገር ቆዳን ያቃጥላል፣ ያልነበረ አለርጂም ሊፈጥር ይችላል።

ፕላስተር ለምታስመጡና ለምታከፋፍሉም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጥቅሉ ላይ «ለቆዳ ተስማሚ» ብላችሁ የምታትሙበት ቦታ አለ። እዚያው ላይ፣ በአማርኛ፣ ማጣበቂያው ሮዚን ይኑረው አይኑረው ጻፉልን። አንድ መስመር ይበቃል።

አክባሪህ፣ የወረታው ሞባይል ጠጋኝ